ስንት ቀን ሠራህ?

ስለ ሃይማኖት ጽናት በተነሣ ቁጥር ወደ ሐሳባችን የሚመጣው የሰማዕታት ሞት ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ከምሠራባት ከጋምቤላ ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ደጋው የሚጓዝ ሰው ጎሬን ያገኛል። ጋምቤላ በኢሉባቦር ሥር በነበረችበት ዘመን የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ይህችው ጎሬ ነበረች። በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ የሆኑት አቡነ ሚካኤል ለኢጣሊያ አልገዛም ስላሉ በ1929 ዓ.ም. የተገደሉት በዚያ ነው። አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ ከተረሸኑ ገና ጥቂት ወራት ብቻ አልፈው ነበር።

አንተንና እኔን ግን ጠመንጃ ደግኖ ሃይማኖትህን ካድ የሚለን የለም። ለእኛ ፈተናው የሚመጣው በውሎ አበል መክፈያ ቅጽ ላይ ነው።

ነገሩን ላጫውትህ። ለሥራ ወደ አንድ ወረዳ ወርደን ሦስት ቀን ቆይተን ተመለስን። ቅጹ ሲቀርብልኝ ግን አምስት ቀን ይላል፤ ከስሜ በላይ ያሉት ሁሉ ፈርመዋል። ገንዘብ ያዡ፣ «ወንድሜ፣ ምን ታያለህ? ፈርምና ውሰድ እንጂ» አለኝ። ክፉ ሰው እንዳይመስልህ፤ እሑድ እሑድ ከጎኔ ቆሞ የሚዘምር ሰው ነው። «የእኔን ሦስት ብለህ አስተካክልልኝ» አልሁት። ድምፄ የጀግና ድምፅ አልነበረም፤ ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር።

ያስጨነቀኝ የገንዘቡ መቅረት ብቻ አይምሰልህ። እኔ ሦስት ካልሁ የሌሎቹ አምስት ምን ሊባል ነው? ከፈረሙት መካከል በዚያች ደመወዝ አራት ልጆች የሚያስተምር አለ፤ የሁለቱ ቀን አበል ለእርሱ ደብተርና ጫማ ነው። ሐቀኝነት በመጽሐፍ ላይ ሲነበብ ቀላል ነው፤ በሥራ ቤት ግን ባልደረባህን የከሰስኸው ያህል ያስቆጥርብሃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማንጎው ዛፍ ሥር ሻይ ሲጠጣ የሚጠራኝ ጠፋ። ስጠጋም «ጻድቁ መጣ» ይባላል። እውነቱን ልንገርህና፣ ፌዙን ከመቻል ይልቅ በልቤ እነርሱን አለመናቅ ይከብደኛል።

መጥምቁ ዮሐንስን ቀራጮች ምን እናድርግ ብለው በጠየቁት ጊዜ ሥራቸውን ትተው ወደ በረሃ እንዲከተሉት አላዘዛቸውም። ከተወሰነላቸው በላይ እንዳይወስዱ ብቻ ነው የነገራቸው። ለመንግሥት ሠራተኛ ከዚህ የቀረበ ስብከት አላውቅም።

«በወረቀት ላይ የተጻፈ ቁጥር ማንን ይጎዳል?» የሚል ይኖራል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የእርዳታ እህል ለማይገባው ሰው ሲውል ተገኘ ተብሎ፣ የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ እህል ማደሉን አቋረጡ። ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው በጋምቤላ መጠለያዎች የሚኖሩት ስደተኞች አንድም ሰነድ ሳይጽፉ ራብ ደረሰባቸው። እደላው ለስደተኞች የተመለሰላቸው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከአራት ወር ገደማ በኋላ ነው። እህል ደግሞ ያለ ፊርማ ከመጋዘን አይወጣም። የፈረመው ሁሉ ሌባ ነበር አልልም፤ ብዙው ከእርሱ በላይ ያሉት ስለ ፈረሙ ብቻ የፈረመ ሳይሆን አይቀርም።

በሚመጣው ሳምንት ወደ ኢታንግ እንወርዳለን፤ ሥራው የሁለት ቀን ነው። ትናንት ከሥራ ስንወጣ ያ የአራት ልጆች አባት ከኋላዬ ደረሰብኝና፣ ሰው እንዳይሰማው ዝቅ ብሎ፣ «አንተ በዚህኛው ስንት ቀን ልትል ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«ሁለት» አልሁት።

ጥቂት አብሮኝ ተራመደ፤ ከዚያም ምንም ሳይናገር ወደ ባሮ ድልድይ ታጠፈ።