ከዘንባባው ሥር ያለው ፍል ውሃ

አባዬ በወጣትነቱ አዋሽ ላይ የባቡር ሠራተኛ ነበር። እኛ "ፍል ውሃ" ስንል የአዲስ አበባውን መታጠቢያ እናስባለን። እሱ ግን የሚያነሳው በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሰሜናዊ ክፍል፣ በበረሃው መካከል ያለውን ነው። ባለፈው ጥር 78 ዓመት ሲሞላው ድግስ አልፈለገም። "እዚያ ውሰዱኝ" አለ።

ሐኪሙ ደግሞ በደም ግፊቱ ምክንያት ሙቅ ውሃ ውስጥ መነከርን ከልክሎታል። ይህን መንገድ ላይ እነግረዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ጥፋቴ ነው።

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ሰው ከቀዬው አፈናቅሎ ስለነበር፣ ከመነሳታችን በፊት ደውለን መንገዱን አጣራን። እናንተም ሳትደውሉ አትሂዱ። እስከ አዋሽ ሰባት 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥሩ አስፋልት ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ሰሜን ስንታጠፍ ግን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ አቧራና እሾህ ተቀበለን። 2,007 ሜትር ከፍታ ያለው ፈንታሌ ተራራ በግራችን ቆሞ ይከተለናል። በቤት መኪና የሚሞከር አይደለም። ልጆቹ ረጅም ቀንዱን ቀስሮ የቆመ ሳላ ሲያዩ ማጉረምረማቸውን ተዉ።

ከዚያ ሁሉ ድርቅ በኋላ ድንገት የዘንባባ ጫካ! ከሥሩ ታቹ ድረስ የሚታይ ሰማያዊ ውሃ። እንፋሎቱ ፊት ይመታል። ትንሹ ልጄ "ማን ነው የሚያሞቀው?" አለ። መሣሪያ ያነገተው ስካውታችን ሳቀና ውሃው በስምጥ ሸለቆው ስንጥቆች ወደ ታች ሰርጎ፣ በጋለ አለት ሞቆ እንደሚመለስ አስረዳው። ቀጥሎ ቆጣ ብሎ፣ "ምንጩ አጠገብ ማንም እግሩን እንዳያስገባ፤ ራቅ ብሎ በረደው ረግረግ ደግሞ አትጠጉ፣ አዞ አለ" አለን። የልጄን እጅ ከዚያ በኋላ አልለቀቅኩም።

አባዬ ሸሚዙን መፍታት ጀመረ።

"አባዬ፣ አይሆንም። ዶክተሩ ከልክሏል።"

"ዶክተሩ ይህን ውሃ አያውቀውም።"

"አንተንስ አያውቅህም?"

ልጆቹ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌበት አላውቅም ነበር። ሸሚዙን መልሶ ቆለፈና ፊቱን ወደ ዘንባባው አዞረ። ያን ያህል መንገድ አምጥቼው ከውሃው ዳር ላይ ልጅ አደረግኩት። ስካውቱ ነው ያስታረቀን። "አባባ፣ ይምጡ፣ ለእግር የሚሆን አለ" ብሎ ለብ ያለ ውሃ ወደሚፈስበት ጥግ እጁን ይዞ ወሰደው።

ሱሪውን ጠቅልሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ልጆቹ በግራና በቀኝ እግራቸውን ነከሩ። ያኔ ነው ስለ ሥራ ባልደረቦቹ ማውራት የጀመረው፤ በእረፍት ቀናቸው በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥለው ስለመምጣታቸው፣ ስለ ቅጽል ስሞቻቸው፣ ዋና ስለማይችለውና አንገቱ ላይ ገመድ አስሮ ስለሚገባው አንዱ። አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ አንዱንም ሰምቼ አላውቅም። ልጆቹ "ገመዱ አንገቱ ላይ?" እያሉ ሦስቴ አስደገሙት።

ከመምሸቱ በፊት መውጣት ስላለብን አሥር ሰዓት ላይ ተነሳን። ፎጣ ሰጠሁት፤ አልተቀበለኝም። አዋሽ ሰባት እስክንደርስ ድረስ ጫማውን አላደረገም።