«ቢበላሽ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ»

ኮዱን ጽፌ ስድስት ወር ደበቅኩት። ኔትወርክ ሲቆራረጥ የደንበኛ ክፍያ እንዳይጠፋ የሚያደርግ ነበር። ግን ከእኔ በፊት አዲስ ነገር የሞከረ ልጅ፣ ሲስተሙ አንድ ሰዓት ስለቆመበት ብቻ በስብሰባ ላይ ሲዋረድ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም አርፈን ቁጭ አልን።

የኮዳኩ ኢንጂነር ስቲቨን ሳሰን በ1975 እ.ኤ.አ. ያለ ፊልም የሚያነሳ ካሜራ ሠርቶ ነበር። የኩባንያው እንጀራ ግን ፊልም ነበር፤ በ2012 ኪሳራ አወጀ። ሐሳቡ ነበረ፤ የጠፋው የሚደፍርለት አለቃ ነው።

አዲስ አለቃ ስትመጣልን እንደምንም ብዬ ኮዱን አሳየኋት። «ለ100 ደንበኛ ብቻ ልቀቀው። ቢበላሽ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ» አለችኝ።

ተበላሸ። በስብሰባው ላይ «የፈቀድኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ምን ተማርን?» አለች። ስህተቱን በሁለት ቀን አረምነው።

በሳምንቱ ሦስት ልጆች ደብቀው ያቆዩትን ይዘው መጡ።