ስጥና ሶላር

«ፀሐይዋን የምታስሩበት ብረት ተገዛ ወይ?» አለችኝ እናቴ በስልክ።

«አልተገዛም። ስመጣ መንገዴ ላይ ኮምቦልቻ አሠራዋለሁ።»

«ለብረት ኮምቦልቻ! እዚህ ብረት የለም እንዴ?»

ብረትማ ደሴም አለ። ነገሩ ግን ከብረት አለፍ ያለ ነው፤ ከመጀመሪያው ላጫውታችሁ።

እናቴ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ አባቴ በሠራው የጭቃ ቤት ትኖራለች። ሰማንያ ሊሞላት ትንሽ ነው የቀራት። አዲስ አበባ መጥታ እኔ ዘንድ እንድትኖር ስንት ጊዜ ለመንኳት። «እዛ ማን ቡና ይጠጣልኛል?» ትላለች። እናቱን ማምጣት ያቃተው ልጅ ምን ያደርጋል? ዕቃ ይልካል። ብርድ ልብስ ላኩ፣ ቴሌቪዥን ላኩ፣ በመጨረሻ ትንሽ ፍሪጅ ላኩ። ፍሪጁ መብራት በሄደ ቁጥር ቁም ሳጥን እየሆነ አስቸገረ። በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ላይ «በቃ፣ ሶላር!» አልኩ።

ሰፈርተኛው ሳቀብኝ። «ግድቡ በተመረቀ በወሩ?» አሉኝ አንድ ጎረቤት። እውነታቸውን ነው። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ነገር ግን ከግድቡ እስከ እናቴ አምፖል ድረስ ስንት ማማ፣ ስንት ትራንስፎርመር፣ ስንት የጎበጠ የእንጨት ምሰሶ እንዳለ ቁጠሩት። ክረምት ላይ አንድ ዛፍ አንድ ሽቦ ላይ ቢወድቅ ዓባይ ምን ያድርግ? የቀሩት ሰዎች ሁሉ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ምጣድ ያነሳል?» አያነሳም። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይጎትታል፤ የኔ ሁለት ፓኔሎች በጠራራ ፀሐይ ተደምረው 1,100 ናቸው። አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ስልክና ፍሪጁ። በቃ።

ሰው ሁሉ ፓኔሉን ጣራ ላይ ነው የሚሰቅለው። የኛ ጣራ ግን ሁለት እንከን አለበት። አንደኛ፣ ተዳፋቱ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ነው። ሁለተኛ፣ ቆርቆሮውን የተሸከመው ባሕር ዛፍ የኔ እኩያ ነው፤ እኔን ብታዩኝ እሱን ታውቁታላችሁ። አንዱ ፓኔል ከሁለት ሜትር በላይ ይረዝማል፣ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ክብደቱስ ይሁን፤ የሚያስፈራው ነፋሱ ነው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነፋስ አምስት ካሬ ሜትር ገበታ ፊት ለፊት ሲያገኝ 200 ኪሎ ያህል ይገፋዋል። የኛን ጣራ ከነቆርቆሮው ጦሳ ላይ ነው የሚያሳርፈው። ደግሞስ አቧራውን ማን ወጥቶ ይጠርጋል? ስለዚህ መሬት ላይ ይቁም አልኩ። እንዲያው የሚቆምም ሳይሆን፣ እንደ ወቅቱ የሚጋደልና የሚቃና።

እዚህ ላይ አንድ ኃፍረቴን ልናገር። ከሃያ ዓመት በላይ ሥነ ጽሑፍ አስተምሬያለሁ። ፀሐይ በግጥም ውስጥ የንጉሥ፣ የእውነት፣ የቆንጆ ምሳሌ ሆና በመጣች ቁጥር ለተማሪ ስተነትን ኖሬያለሁ። ፀሐይዋ ራሷ በሰኔ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ በየት በኩል እንደምትቆም ግን አላውቅም ነበር። ደሴ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ ደግሞ በዓመት ውስጥ 23 ዲግሪ ተኩል ያህል ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ትመላለሳለች። ስለዚህ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ከአናታችን 34 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ዘመም ትላለች፤ በሰኔ ግን አናታችንን አልፋ 12 ዲግሪ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ሚያዝያ 11 እና ነሐሴ 18 ገደማ ልክ በአናት ታልፋለች። በነዚያ ቀናት ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 አካባቢ ደሴ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ጥላ የለውም። አውሮፓ ውስጥ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ ናት፤ የነሱን መመሪያ ይዞ ለተነሳ ሰው የኛዋ ወላዋይ ናት።

ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ስለተደሰቱ ነው ይባላል። ሰማይ ማየት ለደሴ አዲስ ነገር አይደለም። ሳላይ ያደግኩት እኔ ነኝ።

ከአዲስ አበባ ስትመጡ ኮምቦልቻ ትቀድማለች። ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ይቀራል፤ በዚያች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። ኮምቦልቻ ላይ ያወለቃችሁትን ሹራብ ደሴ መልሳችሁ ትለብሳላችሁ። (ለነገሩ ፓኔል ሲሞቅ ኃይሉ ስለሚቀንስ የደሴ ብርድ ለሶላር መድኃኒት ነው። ስንረግመው የኖርነው ብርድ ለአንድ ቀን ተመሰገነ።) ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ። ብረት የሚቆርጥና የሚበይድ ሰው ሞልቷል።

በያጁ ወጣት ነው። ወረቀት ላይ የሣልኩትን አየ፤ ከፊት በማጠፊያ የተያዘ፣ ከኋላ ቱቦ በቱቦ ውስጥ እየገባ ከፍና ዝቅ የሚል፣ ሰባት ቀዳዳ ያለው እግር። ቀዳዳው ውስጥ ብሎን ይገባል፣ ዳዶው ይጠብቃል።

«ሰባት ቀዳዳ ምን ያደርጋል መምህር?»

«በየጊዜው ይስተካከላል።»

«ማን ነው የሚያስተካክለው?»

«እኔ ነኛ።»

«ደሴ ነው የሚኖሩት?»

«አይ፣ አዲስ አበባ።»

ሳቁን ዋጠው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ አብረን አሰላን። ፓኔሉን ዓመቱን ሙሉ 15 ዲግሪ ወደ ደቡብ አጋድለን ብንተወው በታኅሣሥ እኩለ ቀን የሚጎድለን ከመቶ 6 ገደማ ነው። በሰኔ ጉድለቱ ወደ 11 ይደርሳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ግን ደሴ ጉም ናት፤ ብርሃኑ ከሰማዩ ሁሉ ተበትኖ ነው የሚመጣው። ያን ጊዜ ወደ ሰሜን ከማጋደል አስተኝቶ መተው ይበልጣል። «አቧራው ሳይጠረግ ቢከርም እኮ ከዚህ የማያንስ ሊወስድብዎት ይችላል» አለኝ። «የዛፍ ጥላማ ከሁሉም ይብሳል።» ፓኔሉ ውስጥ ያሉት ሕዋሶች እንደ ዶቃ በአንድ ክር የተያያዙ ናቸው፤ አንዷ ላይ ጥላ ሲያርፍ ጓደኞቿንም ይዛ ትቀመጣለች።

«ታዲያ ለስድስት ፐርሰንት ነው ይሄ ሁሉ ብረት?»

ዝም አልኩ። መልስ አጥቼ አይደለም። መልሱ ለበያጅ የሚነገር ስላልነበረ ነው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ ከተሞቹ እስከ ኅዳር 27 ድረስ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆዩ። መብራትም ስልክም ጠፋ። ከአንድ ወር በላይ የእናቴን ድምፅ አልሰማሁም። በቀን አሥር ጊዜ እደውላለሁ፤ ያቺ ድምፅዋ የተቀዳ ሴት ላገኛት እንደማልችል በትህትና ትነግረኛለች። ሌሊት ሌሊት የማስበው ጥይቱን አይደለም፤ ጨለማውን ነው። እናቴ በጨለማ ውስጥ ግድግዳ እየዳበሰች ስትሄድ ነው የሚታየኝ። መስመሩ ተከፍቶ ያገኘኋት ቀን የመጀመሪያ ቃሏ «በልተሃል?» የሚል ነበር። ያን ዕለት ለራሴ ማልኩ፤ ይህች ሴት ዳግመኛ ጨለማ ውስጥ አትቀመጥም። መሐላውን ለመፈጸም አራት ዓመት ፈጀብኝ። የኛ ነገር።

እና ሰባቱ ቀዳዳዎች የፐርሰንት ጉዳይ አልነበሩም። በዓመት ሰባት ጊዜ «እኔ ካልመጣሁ አይሆንም» የሚያሰኝ ሰበብ ነበሩ።

በያጁ በሦስት ቀዳዳ አስማማኝ፤ 5፣ 15 እና 30 ዲግሪ። ፓኔሉ ከማጠፊያው 2 ሜትር ርቆ ከኋላ ከተያዘ፣ ለ15 ዲግሪ ጀርባው ከፊቱ 52 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ለ30 ዲግሪ ድፍን 1 ሜትር። ዜሮ ያላደረግነው የዝናቡ ውኃ አቧራውን ይዞ እንዲወርድ ነው። ቱቦው ጋልቫናይዝድ፣ ብየዳው ያረፈበት ሁሉ ሁለት እጅ አንቲረስት የተቀባ። ይኸው ነው።

ደሴ ስንደርስ ሌላ ጦርነት ጠበቀኝ፤ የቦታ። እኔ በስልኬ ኮምፓስ ለክቼ የግቢውን መሐል መርጫለሁ። ጉድጓዱን ልናስቆፍር ስንል እናቴ ከማድ ቤት ወጣች።

«እዚህ ላይማ በርበሬዬ ነው የሚሰጣው!»

«እማ፣ ስጡን ወዲያ ማድረግ ይቻላል እኮ።»

«ወዴት ወዲያ? ወዲያማ ጥላ ነው።»

ለካ የግቢያችን ፀሐይ ባለቤት ነበራት። በርበሬው፣ ብቅሉ፣ ሽሮ እህሉ፣ የታጠበው ልብስ፣ ጠዋት ጠዋት ጀርባቸውን የሚያሞቁ አሮጊቶች፣ ሁሉም ድርሻ ድርሻቸውን ይዘዋል። እናቴ ስልሳ ዓመት ሙሉ ጥላው በመጣ ቁጥር ሰሌኗን ስትጎትት ኖራለች። እኔ የምለካውን እሷ ታውቀዋለች።

«ብረትህን ከቤቱ ግድግዳ ጋ አስጠጋው» አለች። «በበርበሬ ጊዜ ጥላው ወደ ቤቱ ነው የሚወድቀው፤ ስጤን አይነካም። ሰኔ ላይ ፀሐይዋ በጓሮ በኩል ስትዞር ጥላው ወደ ግቢው ይመጣል፤ ያኔ ደግሞ ዝናብ ነው፣ የሚሰጣ የለም።»

በያጁ እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ቤቱ ያለው በግቢው ሰሜን ነው፤ የምትለው አንድ በአንድ ልክ ነው። በሰኔ ፀሐይ በሰሜን እንደምትውል ለማወቅ እኔ ሒሳብ ሠራሁ። የተወለድኩበት ክፍል የጓሮ መስኮት በየሰኔው ሲነግረኝ ኖሯል።

ኮምፓሱም ብረቱ አጠገብ ሲሆን ይዋሻል። ስለዚህ እንጨት ተከልን፤ ጠዋት የጥላውን ጫፍ ምልክት አድርገን ከሰዓት በኋላ ያው ርዝመት ላይ ሲደርስ እንደገና ምልክት አደረግን። ሁለቱን ያገናኘው መሥመር ምሥራቅና ምዕራብ ነው። ጦሳ በምዕራብ ስለሆነ የከሰዓቷን ፀሐይ ቀድሞ ይውጣታል፤ በዚያ ምክንያት ፊቱን ከደቡብ ትንሽ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጠዋቷ ፀሐይ መለስ አደረግነው። አራት ጉድጓድ፣ እያንዳንዱ 40 በ40 ወርዱ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀቱ፤ አንዱን የሞላው ኮንክሪት 230 ኪሎ ገደማ ነው። ነፋስ ከፈለገ ይምጣ። የፊተኛው እግር አንድ ሜትር ከፍ እንዲል ያዘዘችው እናቴ ናት፤ ከሥሩ በጥላ በሶብላዋን ልታደርቅ።

ማታ አምፖሉ በራ። ጎረቤቶች መጡ፣ ቡና ተፈላ። ደረቴን ነፍቼ «ይሄ ያን ጊዜ ኖሮ ቢሆን!» አልኩ።

እናቴ ቡናውን እየቀዳች «ስልኩ ቢሞላስ በምን ትደውልልኝ ነበር? መስመር የለ» አለች። ቀና ብላ አየችኝ መሰለኝ፣ ወዲያው ጨመረች፤ «ብቻዬን እኮ አልነበርኩም። እሷ ነበረች።» በአገጯ ወደ ጎረቤቷ ጠቆመች። «አንድ ኩራዝ ለሁለት ነበር የምናበራው፤ አንድ ቀን እኔ ዘንድ፣ አንድ ቀን እሷ ዘንድ። አብሽር።»

ይህን በአራት ዓመት ውስጥ ጠይቄያት አላውቅም። ፓኔል ስመርጥ ነበር።

የቀረው የመቀያየሪያው ቀን ነበር። እናቴ በረመዳን ልትይዘው አልቻለችም፤ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደመ በጋውንም ክረምቱንም ይዞራል። ጎረቤቷን «ያንቺ በዓላት ናቸው ከፀሐይ የማይለዩት፤ ንገሪኝ» አለቻት። ሁለቱ ተመካክረው ደነገጉ፤ ለመስቀል መሐለኛው ቀዳዳ፣ ለኅዳር ሚካኤል ላይኛው፣ ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ተመልሶ መሐለኛው፣ ለሚያዝያ ጊዮርጊስ ታችኛው። ማታ ላይ አሰላሁት። የሚታረም አላገኘሁበትም።

ለኅዳር ሚካኤል ከአዲስ አበባ ሌሊት ተነስቼ ሄድኩ። የ17 ቁልፍ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ግቢው ስገባ ስጡ ላይ በርበሬው ቀልቷል፤ ከጀርባው ፓኔሎቹ ላይኛው ቀዳዳ ላይ ናቸው። ፊታቸው ተወልውሏል።

«ማን አነሳው?»

«የሷ ልጆች ብሎኑን ፈቱ፣ እኛ ደገፍን። ምን አላት!»

«ታዲያ እኔ ይሄን ሁሉ መንገድ ለምን መጣሁ?»

«ምሳ ልትበላ ነዋ። እጅህን ታጠብ።»

ቁልፉን ከቦርሳዬ ሳላወጣ በላሁ። ስሰነባበት «ለኪዳነ ምሕረትስ ልምጣ?» አልኳት።

«ብረቱን እኛ እናወርደዋለን» አለች። «አንተ ና።»