በክረምት ዓሣ? ወደ ፎርክስ ብቅ በሉ!

«በክረምት ደግሞ ዓሣ ይጠመዳል እንዴ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እንዴታ! ሲያትልና አካባቢዋ ላላችሁ፣ የመኪና መርከቡን ጨምሮ አራት ሰዓት ያህል ብትጓዙ ፎርክስ የምትባል ትንሽ ከተማ ትደርሳላችሁ። ቦጋሺል፣ ካላዋና ሶል ደክ የሚባሉት ወንዞች እዚያው አካባቢ ተገናኝተው ላ ፑሽ ላይ ፓስፊክ ውቅያኖስ ይገባሉ። ሆ የተባለው ወንዝ ግን በስተደቡብ በኩል ለብቻው ይወርዳል። ክረምቱ በረዶ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የኛው የሐምሌ ዝናብ ነው፣ ያውም የማያባራው!

የሚፈለገው ስቲልሄድ ነው። ባሌ ተራሮች ጅረቶች ውስጥ ከተለቀቀው ቀስተ ደመና ትራውት ጋር ዝርያው አንድ ነው። ይኼኛው ግን ባሕር ወርዶ፣ ፈርጥሞ ይመለሳል።

አንድ ታክሲ የሚነዳ ወዳጄ «ባዶ እጄን ከተመለስኩ ቤት አልገባም» ባይ ነው። ለሱ ዓይነቱ ታኅሣሥ ይሻለዋል፤ በመንግሥት ገንዳ ተፈልፍለው የተለቀቁት ያኔ ይመጣሉና። ከጅራቱ ቀደም ብላ ጀርባው ላይ ያለችው ትንሽ ክንፍ ተቆርጣ ከሆነ፣ ካርዳችሁ ላይ መዝግባችሁ ውሰዱት። ክንፏ ካለች ግን የዱር ነው፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ መውሰድ ክልክል ነው። ለፎቶ ብሎ ከውሃ ማውጣትም ያስቀጣል! ትልልቆቹ የዱር ዓሦች የሚመጡት ከየካቲት በኋላ ነውና፣ ትግሉን እንጂ ድስቱን ለማያስብ ሰው ያኔ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ከጀልባ ላይ ማጥመድ ታግዶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደንቡ በየዓመቱ ስለሚቀያየር ሳትነሡ አንብቡት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። አምና ካላዋ ላይ አንዱ ጓደኛችን እስከ ወገቡ ገብቶ ሳለ ድንጋይ አዳለጠውና ውሃው ይዞት ሄደ። እኛ ዳር ላይ ሆነን ከመጮህ በቀር ምን እናድርግ? ያዳነው ሌላ ነገር ሳይሆን፣ እስከ ደረት በሚደርሰው የጎማ ሱሪው ላይ ያጠበቀው ቀበቶ ነው፤ ውሃ አልሞላበትም። ከታች ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ ቆመ። ጥርሱ እየተንገጫገጨ መኪና ውስጥ ማሞቂያ ከፍተን አንድ ሰዓት አስቀመጥነው። ቀበቶውን አሥር ዶላር አይሞላም ብሎ የሚንቅ ሰው አውቃለሁ፤ ከሱ ጋር አልሄድም።

ዝናብ ሲበረታ ሆ ቶሎ ይደፈርሳል፣ ከበረዶ ግግር የሚመነጭ ነውና። ያኔ ጊዜ አታጥፉ፤ ሶል ደክ ቶሎ ስለሚጠራ መሪውን ወደዚያ አዙሩ።