የጥላ ልክ፦ ለችግኝ ቤት መረብ ስለመምረጥ

በተለምዶ ሼድ ኔት የሚባለው የጥላ መረብ ሁለት ልኮች አሉት። አንደኛው በሜትር የሚነገረው ወርዱና ርዝመቱ ነው፤ ሁለተኛው በመቶኛ የሚነገረው የጥላው መጠን ነው። 30፣ 50 ወይም 70 የሚለው ቁጥር መረቡ በላዩ ከሚያርፈው ብርሃን ምን ያህሉን እንደሚያስቀር ያመለክታል። ሁለቱም ልኮች ቀላል መስለው ይታያሉ፤ ሆኖም አንድ የችግኝ ወቅት የሚተርፈው ወይም የሚጠፋው በእነርሱ ምርጫ ሊሆን ይችላል።

በስምጥ ሸለቆ፣ በባቱና በመቂ አካባቢ፣ የቲማቲም ችግኝ አፍልታ ለገበሬዎች ለመሸጥ የተነሣች አንዲት የዕፅዋት ሳይንስ ምሩቅ ይህ ምርጫ ገጥሟታል። ቤቷ 8 ሜትር ወርድና 30 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ከምድር ተነሥቶ እንደ ግማሽ ክብ የጎበጠ የፕላስቲክ ቤት ነው። ያላት ገንዘብ አንድ መረብ እንጂ ሁለት አይገዛም። በበጋ ቀትር ቤቱ ውስጥ መቆም የሚያስቸግር በመሆኑ፣ የመጀመሪያ ሐሳቧ 70 በመቶ የሚጋርደውን መግዛት ነበር።

ስሌቱ ግን ከዚህ ሐሳብ አራቃት። ፕላስቲኩ ራሱ ብርሃን ይቀንሳል። ከመቶው 85 ያሳልፋል ቢባል፣ 70 በመቶ የሚጋርድ መረብ ሲደረብበት ለችግኙ የሚደርሰው 25.5 ብቻ ነው። በ50 በመቶው መረብ 42.5፣ በ30 በመቶው ደግሞ 59.5 ይደርሳል። ፕላስቲኩ አቧራ ሲጠግብ ይህም ያንሳል። በመረቡ ላይ የተጻፈው ቁጥር ስለ መረቡ ይናገራል፤ ችግኙ የሚያገኘውን ብርሃን ማስላት የገዢው ድርሻ ነው።

ብርሃን ያነሰው የቲማቲም ችግኝ ወዲያው አይሞትም። ይረዝማል፣ ግንዱ ይቀጥናል፣ ቅጠሉ ይገረጣል። ከሩቅ ለሚያየው ፈጥኖ ያደገ ይመስላል፤ ገዢም ያገኛል። ጉዳቱ የሚገለጠው ማሳ ላይ ፀሐይና ነፋስ ሲያገኘው ነው። ስለዚህ የተሳሳተ ጥላ ዕዳ በአብዛኛው የሚወድቀው መረቡን በመረጠችው ላይ ሳይሆን ችግኙን በገዛው ገበሬ ላይ ነው። ወጣቷን ከሁሉ በላይ ያሳሰባት ይህ ነበር።

አባቷ ቀደም ባለው ዘመን በቃሪያ መደብ ላይ በባላ የቆመ የሣር ዳስ ይሠሩ ነበር። ዘሩ እስኪበቅል ሣሩን ያወፍሩታል፤ ከበቀለ በኋላ በየጥቂት ቀኑ ያሳሱታል፤ ችግኙ ወደ ማሳ ሊዛወር ሲቃረብ ጨርሰው ያነሡታል። የዳሱ ጥላ ከችግኙ ዕድሜ ጋር አብሮ ይለዋወጥ ነበር። መረቡ ግን አንዴ በቋሚነት ከተቸነከረ በማለዳም በቀትርም፣ በጠራ ሰማይም በደመናም ያው ነው። ለቀትሩ ሙቀት ተብሎ የተመረጠ ወፍራም መረብ ቀሪውን ቀን ሁሉ ከችግኙ ላይ ብርሃን ይቀማል።

በመጨረሻ የመረጠችው 30 በመቶውን ነው። ቡና በተፈጥሮው በደን ጥላ ሥር የሚያድግ ተክል ስለሆነ ለችግኙ 50 በመቶ ገደማ ጥላ ይስማማዋል፤ ቲማቲም ግን ብርሃን ወዳድ ነው። መረቡን ከፕላስቲኩ ውጪ፣ ሳይነካው ከፍ ብሎ በተወጠረ ሽቦ ላይ ዘረጋችው፤ ውስጥ የተሰቀለ መረብ፣ በተለይ ጥቁሩ፣ የያዘውን ሙቀት እዚያው ቤቱ ውስጥ ይለቀዋልና። የቀረውን ሙቀት ለማስወጣት የጎንና የጎን መስኮቶቹን ክፍት አደረገች።

የሜትሩ ልክም የራሱ ወጥመድ ነበረው። የወለሉን 8 ሜትር ይዞ ገበያ የሚሄድ ሰው መረቡ ያጥረዋል፤ ቅስቱ ከምድር እስከ ምድር ሲለካ 12.6 ሜትር ያህል ነው። በሁለቱም ጎን የታችኛው አንድ አንድ ሜትር ለአየር ሲተው 10.6 ሜትር ይቀራል፤ ለማሰሪያና ለመወጠሪያ የሚሆነው ትርፍ በዚህ ላይ ይታከላል። ጥቅሎች ሲሰፉም መደራረባቸው ጠባብ መሆን አለበት፤ የተደረበበት መስመር ሥር ጥላው ይጨምራልና።

ቀጭኑ መረብ ያለ ድካም አልተገኘም። ከረፋዱ 4 ሰዓት በገመድ ይዘረጋል፤ ቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ይጠቀለላል። በደመናማ የክረምት ቀናትና ችግኙ ሊዛወር አንድ ሳምንት ሲቀረው አይዘረጋም። ይህን የሚያደርግ ሰው በየዕለቱ መገኘት አለበት፤ በገንዘብ ያተረፈችውን በጉልበት ትከፍለዋለች። የምርጫዋ መለኪያም ቤቱ ውስጥ አይገኝም። ችግኙን ለወሰደ ገበሬ ሁሉ ከሁለት ሳምንት በኋላ የምታቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከመቶው ስንቱ ጸደቀ?