ዋጋውን መናገር

የቤተሰቡን ቅርስ አቅፎ ለመጣ ሰው «ይህ ብዙ አያወጣም» ማለት ከባድ ነው። ለንደን፣ ፖርቶቤሎ መንገድ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ የብረታ ብረት ዕቃ እሸጣለሁ። በዚህ ሥራ ሁሉ ከምንም በላይ የሚያስፈራኝ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአፌ ማውጣት ነበር። ፍርሃቱን ያቀለለችልኝ አንዲት የትምባሆ ሣጥን ናት።

ያመጧት ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ እንግሊዛዊት አዛውንት ናቸው። አያታቸው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ይዘዋት እንደተመለሱ ነገሩኝ። የናስ ሣጥን ናት፤ ርዝመቷ 13፣ ወርዷ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ክዳኗ መካከል የልዕልት ሜሪ ፊት ተቀርጿል፤ ዳር ዳሩን ቤልጂግ፣ ፈረንሳይ፣ ሩሲያ፣ ጃፓን፣ ሞንቴኔግሮና ሰርቢያ ተጽፈዋል፤ ከታች ደግሞ «ገና 1914» ይላል።

ልዕልቲቱ የንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ልጅ ናት። በፈረንጆቹ 1914 ጦርነቱ ሲጀመር 17 ዓመቷ ነበር፤ ግንባር ያለ ሁሉ የገና ስጦታ ይድረሰው ብላ ሕዝቡን ገንዘብ ለመነች። ከ162 ሺህ ፓውንድ በላይ ተዋጣ። ለሚያጨስ ትምባሆ፣ ሲጋራና ፒፓ፤ ለማያጨስ ከረሜላና የመጻፊያ ወረቀት ከእርሳስ ጋር፤ ለነርሶች ቸኮላት ተላከ። ለገና የደረሰው ግን ከ400 ሺህ ጥቂት ለሚበልጡት ብቻ ነው። ናስ ለጥይት ቀለህ ይፈለግ ስለነበር ሥራው ተጓተተ፤ ከአሜሪካ የተጫነው ናስም በ1915 ከሉሲታንያ መርከብ ጋር ሰጠመ። ያም ሆኖ ስጦታው የሚገባቸው ሰዎች ቁጥር ከ2.6 ሚሊዮን አለፈ። ወታደሮቹም ትምባሆው ሲያልቅ ሣጥኑን አልጣሉትም፤ መርፌ፣ ቁልፍ፣ ደብዳቤ ያስቀምጡበት ነበር። እንግዲህ ዛሬ ገበያው ላይ እንደልብ የሚገኘው ለዚህ ነው፤ ዋጋውን ዝቅ ያደረገውም ይኸው መትረፉ ነው።

ወደ አዛውንቷ ሣጥን ማግኔት አስጠጋሁ፤ አልያዘም፣ ናስ ነው። ማጠፊያው ይሠራል፤ አንዱ ጥግ ተጨፍልቋል። የልዕልቲቱ አፍንጫና ጉንጭ በጣት ንክኪ ብዛት ተልጓል፤ ፀጉሯ ሥር ግን ቅርጹ አሁንም ጥርት ያለ ነው። ውስጡ ባዶ ነው። ትምባሆው ከነመጠቅለያው፣ አብረውት ይላኩ የነበሩት ካርድና ፎቶም ቢኖሩ ነገሩ ሌላ ነበር።

«ወልውዬ ላምጣው?» አሉኝ።

«እባክዎ አይንኩት» አልኳቸው። ያ ጠቆር ያለ ቡናማ መልክ የመቶ ዓመት ሥራ ነው፤ በመወልወያ ከተፋቀ አይመለስም፣ የቀረውንም ቅርጽ ይበላዋል። ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ያልተነካውን ነው። አገር ቤት ሳለን ናስ በሎሚና በአመድ ታሽቶ ካላብረቀረቀ ቤቱ የተጸዳ አይመስለንም ነበር፤ ስለዚህ ይህን ምክር ለመቀበል እኔም ጊዜ ወስዶብኛል።

ከዚያ በኋላ ጭንቀቱ መጣ። በዓይናቸው ትልቅ ነገር እየጠበቁ ነው። ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ልዕልቲቱ እያወራሁ ዋጋውን ወደ ኋላ ልገፋው ፈለግሁ። ወሬዬን ቆረጡና «ልጄ፣ ስንት ያወጣል?» አሉኝ።

«ባዶውን፣ በዚህ ሁኔታው፣ 30 ፓውንድ» አልኩ።

አላዘኑም። ወንበር ሳቡና ተቀመጡ፤ ከዚያም ስለ አያታቸው ማውራት ጀመሩ። ሣጥኑ ውስጥ የዓሣ ማጥመጃ መንጠቆ ያስቀምጡ እንደነበር፣ ስለ ጦርነቱ ግን አንድም ቀን እንዳላወሩ። ገንዘቡ እስኪነገራቸው ድረስ ሁለታችንም ስለ ገንዘቡ ብቻ ነበር የምናስበው፤ ሲነገር ግን ለሰውየው ቦታ ተገኘ።

ሊያስቀሩት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ልጅ የላቸውም፤ ከሞቱ በኋላ ከዕቃቸው ጋር ተጠራርጎ እንዳይጣል፣ ምንነቱን ለሚያውቅ ሰው መሸጥ መረጡ። የአያታቸውን ስምና የክፍለ ጦራቸውን ስም በወረቀት ጽፈው እንዲሰጡኝ ጠየቅኋቸው፤ ስም ያለው ሣጥን ስም ከሌለው ይሻላልና። ገበያ ላይ ሦስት ሰው አየው፣ ሁለቱ ዋጋ ጠይቀው አለፉ። ሦስተኛው መጀመሪያ ወረቀቱን አነበበ፤ ከዚያ 35 ፓውንድ ከፍሎ ሁለቱንም ወሰደ።

አሁን ዕቃ ይዞልኝ ለሚመጣ ሁሉ ቁጥሩን አስቀድማለሁ። «የማን ነበር?» ብዬ የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው።