የአያቴ በሶ፦ ስለ አባቶች ማዕድና ስለ ጾማችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ የማካፍላችሁ ከመጽሐፍ አንብቤ ያገኘሁትን ሳይሆን ተሳስቼ የተማርሁትን ነው። በዲቁና የማገለግል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ብዙዎቻችሁም በግቢ ሕይወት ውስጥ ስላላችሁ ወይም ስላለፋችሁ፣ የምናገረው እንግዳ እንደማይሆንባችሁ አምናለሁ።

አስቀድሜ ጾሜ ምን ይመስል እንደ ነበር በሐቅ ልንገራችሁ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አልቀምስም ነበር፤ በዚህ ማንም አይከስሰኝም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን ከግቢው በር ወዳለው ሱቅ ሄጄ ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ እገዛለሁ። ማታ ደግሞ በዘይት የተጠበሰ ቺፕስ፣ ፓስቲ ወይም ቦንቦሊኖ አለ። ማሸጊያው ላይ «የጾም» የሚል ቃል ካየሁ ሌላ የምጠይቀው አልነበረኝም። ሆዴ ይነፋል፣ ራሴ ይከብደኛል፤ ለጸሎት ስቆም ደግሞ እንቅልፍ ይጥለኛል። ከፍስክ ምግብ ተከልክዬ ነበር፤ ከሆዳምነት ግን አልተከለከልሁም።

በዚህ መካከል በስልኬ «ፓሊዮ» ስለሚባል አመጋገብ ሰማሁ። እ.ኤ.አ. በ1975 ዋልተር ቮግትሊን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ስለ ጥንቱ ሰው አመጋገብ መጽሐፍ ጻፈ። በ1985 ቦይድ ኢተንና ሜልቪን ኮነር የተባሉ ምሁራን ይህንኑ አሳብ በታወቀ የሕክምና መጽሔት አቀረቡት። በ2002 የወጣው የሎረን ኮርዴን መጽሐፍም በዓለም ዙሪያ አሰራጨው። አሳቡ በአጭሩ፣ ሰው እርሻ ከመጀመሩ በፊት ይበላው የነበረውን ይብላ የሚል ነው። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ አትክልትና ፍራፍሬ ይፈቀዳሉ፤ እህል፣ ጥራጥሬ፣ ወተትና ስኳር ይከለከላሉ። ሌሎች ደግሞ «ሙሉ ምግብ» ስለሚሉት ያስተምራሉ፤ ይኸውም በፋብሪካ ብዙ ያልተለወጠውን፣ ገለባውና ፍሬው ያልተለያየውን መመገብ ነው። እኔም ሁለቱን ላጣምር ብዬ ወሰንሁ። ብስኩቱንና ለስላሳውን መተዌ በእውነት ጠቀመኝ። ስሕተቴ የመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው።

በጾመ ነነዌ ወደ አያቴ ቤት ሄድሁ። እርሷም እንደ ልማዷ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንጀራ፣ ሽሮ፣ ጎመንና የተልባ ወጥ አቀረበች። እኔም «እማማ፣ እህልና ጥራጥሬ ትቻለሁ» አልኋት።

«ታመሃል እንዴ ልጄ?» አለችኝ ደንግጣ።

«አልታመምሁም፤ የጥንት ሰዎች ይህን አይበሉም ነበር።»

ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «የማን ጥንት ነው ልጄ? እኔን እናቴ ያሳደገችኝ በዚሁ ነው» አለች። ከዚያም ሌላ ቃል ሳትናገር መሶቡን ከደነች። እርሷም እስከዚያች ሰዓት ጾማ ቆይታ ሳለ ሳትበላ ቀረች። ያን ጊዜ አላስተዋልሁትም። በማግስቱ ስሰናበት፣ ገብሱን ራሷ ቆልታ ያስፈጨችውን በሶ በከረጢት ሰጠችኝ። እንቢ ማለት ስላሳፈረኝ ተቀበልሁ፤ ግቢ እንደ ደረስሁም ለዶርም ጓደኛዬ ሰጠሁት።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ተጨነቅሁ። ከሥጋና ከእንቁላል ጾሙ ይከለክለኛል፤ ከእህልና ከጥራጥሬ ደግሞ እኔው ራሴን ከልክያለሁ። የቀረኝ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ካሮትና ስኳር ድንች ነበር። አባቴ ለወር የሚልክልኝ ገንዘብ በሁለት ሳምንት አለቀ። ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን ይህ ነው፦ «ለጤናዬ ነው» ብዬ እንቁላል እንዲፈቅዱልኝ የንስሐ አባቴን ለመጠየቅ አሰብሁ። ሕመም የለብኝም፤ ራሴ የጫንሁትን ሥርዓት ለመጠበቅ ቤተ ክርስቲያን የሠራችልኝን ሥርዓት ላስፈታ ነበር።

በመፃጉዕ ሳምንት፣ በዕለተ ረቡዕ፣ በቅዳሴ ላይ ቆሜ ሳለሁ ዓይኔ ጨለመብኝ። የያዝሁትን ጧፍ ከእጄ የተቀበለኝና ደግፎ ያስቀመጠኝ አጠገቤ የነበረው ዲያቆን ነው። አመሻሹ ላይ ዶርም ገብቼ ስተኛ፣ ጓደኛዬ በኩባያ የተበጠበጠ በሶ አምጥቶ ሰጠኝ።

«ጠጣ፤ አያትህ የሰጡህ ነው» አለኝ። «እኔ ጾሙ ከገባ ጀምሮ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምቀምሰው ይኸንኑ ነው። ከቤት የሚላክልኝ እንደሌለ ታውቃለህ። ስጸልይ እርሳቸውን አልረሳም፤ ግን ስማቸውን ስለማላውቅ «በሶውን የሰጡኝን እናት» እያልሁ ነው። የክርስትና ስማቸው ማን ነው?»

ወገኖቼ፣ መልስ አልነበረኝም። የጥንቱን ሰው አመጋገብ በዝርዝር የማውቅ ዲያቆን፣ የአያቴን የክርስትና ስም አላውቅም ነበር።

በዚያው ሳምንት ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኋቸው። አልተቆጡኝም። «ዲያቆን፣ ዳንኤል በባቢሎን ጥራጥሬና ውኃ የመረጠው ለምን ይመስልሃል?» ብለው ጠየቁኝ። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1 እንደ ተጻፈው፣ ከ10 ቀን በኋላ የእርሱና የሦስቱ ጓደኞቹ ፊት ከሌሎቹ ይልቅ አምሮ መታየቱን አስታውሼ «ለጤና ነው አባ» አልኋቸው። «አይደለም ልጄ፤ በንጉሡ ማዕድ ላለመርከስ ነው። ጤናው በኋላ ተከተለው። አንተ ግን ተከታዩን አስቀደምህና መሪውን ከኋላ አስቀረኸው» አሉኝ።

ከዚህ በኋላ የናቅሁትን መሶብ ደግሜ ተመለከትሁት። ጤፍ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ገለባው ሳይለይ ነው የሚፈጨው፤ እንግዲህ እንጀራ በራሱ ሙሉ ምግብ ነው። ሊጡ ከእርሾ ጋር ለቀናት ሲቦካ ደግሞ፣ በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን እንዳይወስድ የሚያግደው ንጥረ ነገር ይቀንሳል። እህል የሚጎድለውን የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬ ይሞላዋል፤ ጥራጥሬ የሚጎድለውን ደግሞ እህል ይሞላዋል። ስለዚህ እናቶቻችን እንጀራን ከሽሮና ከምስር ጋር ማቅረባቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ተልባ ብዙዎች ከዓሣ ብቻ የሚገኝ የሚመስላቸው ኦሜጋ 3 የተባለው ቅባት አለበት። ከባቄላ፣ ከሱፍና ከሰናፍጭ ተዘጋጅቶ የሚቦካው ስልጆም የጾም ማዕድ ጌጥ ነው። እህል አልበላም ለተባለው የጥንት ሰውም ቢሆን፣ ተመራማሪዎች በገሊላ ባሕር ዳርቻ እርሻ ከመጀመሩ አስቀድሞ የዱር ገብስ ይፈጭበት የነበረ ድንጋይ አግኝተዋል። እኔ በባዕድ መጽሐፍ ስፈልገው የነበረው፣ ሙሉ ምግብና የአባቶች ምግብ፣ በአያቴ መሶብ ውስጥ አንድ ሆኖ ተቀምጦ ነበር።

ይህን ስል ግን ጾማችንን ወደ ጤና መርሐ ግብር እንድንለውጠው አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 8 ላይ እንዳስተማረን፣ መብል በራሱ ወደ እግዚአብሔር አያቀርበንም። የአባቶች ማዕድም ጉድለት የለበትም አልልም፤ ጨው ሊበዛበት ይችላል፣ ቫይታሚን ቢ12ም ከእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ ከአትክልትና ከእህል አይገኝም። ጾም የሥጋን ፈቃድ ለነፍስ የምናስገዛበት ሥርዓት ነው። ማዕዱ ልከኛ ሲሆን ለዚህ ሥራ ያግዛል፤ ሥራውን ግን አይተካም።

ስለዚህ ከስሕተቴ የተማርሁትን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ «የጾም ነው ወይ?» ብለን ከጠየቅን በኋላ «ልከኛ ነው ወይ?» ብለንም እንጠይቅ። ስኳርና ዘይት የበዛበት ምግብ ከፍስክ የጸዳ ስለሆነ ብቻ ለጾም የሚስማማ አይሆንም። ለግቢ ተማሪ በሶ፣ ቆሎና ንፍሮ ከብስኩት ይልቅ ርካሽ ናቸው፤ ረሀብንም አርቀው ያቆያሉ።

ሁለተኛ፣ ወደ ቤት ስንሄድ ከእናቶቻችን ጋር ወደ ማድ ቤት እንግባ። ስልጆ እንዴት እንደሚቦካ፣ ተልባ እንዴት እንደሚታመስ፣ ገብስ ለበሶ እንዴት እንደሚቆላ ወንድ ሴት ሳንል እንማር። እነርሱ ሲያልፉ አብሮ የሚያልፍ ዕውቀት ነው።

ሦስተኛ፣ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምታጠባ እናት፣ ከሐኪምና ከንስሐ አባት ጋር ይመካከሩ። ሌላው ደግሞ እንደ እኔ ምርጫውን ሕመም ብሎ አይጥራው።

አራተኛ፣ በሰው ማዕድ ላይ ፈራጆች አንሁን። ያ ብስኩት የሚበላው ወንድማችን ሌላ ስላላገኘ ይሆናል። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 የተመሰገነው ጾም ለተራበው እንጀራን የሚቆርስ ጾም ነው። እኔ በአቮካዶ የጨረስሁት ገንዘብ፣ አጠገቤ ተኝቶ ለነበረው ለዚያ ጓደኛዬ በጾሙ ሙሉ ሽሮ ይገዛለት ነበር።

የመፃጉዕ ሳምንት ሳያልቅ ለአያቴ ደወልሁላትና የክርስትና ስሟን ጠየቅኋት። «ምነው፣ ልሞት ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። ምክንያቱን ስነግራት ግን ዝም አለች፤ ቀጥላም የጓደኛዬን የክርስትና ስም ጠየቀችኝ። ያንንም አላውቀውም ነበርና ወደ እርሱ ዞሬ ጠየቅሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተያይተው የማያውቁት ሁለቱ፣ አንዱ ለሌላው በስም ይጸልያሉ።

በጸሎተ ሐሙስ አብረን ወደ እርሷ ሄድን። ከስግደቱና ከቅዳሴው በኋላ ጉልባን አቀረበችልን። እኔን ምንም አልጠየቀችኝም፤ ሳሕኔ ባዶ መሆኑን ስታይ ብቻ «ልጨምርልህ?» አለችኝ። «ጨምሪልኝ እማማ» አልኋት።

የአባቶቻችንን ጾም ከአባቶቻችን ትሕትና ጋር ለመጾም አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።